ባለ ስምንት ሽቦው ሳጥን

አማኑኤል፣ ጥቅምት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለያለምወርቅ አማረ፤

የአረብ አገር ሙቀት ሳይጎዳሽ፣ የሰው ቤት ሥራም ሳያጎብጥሽ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስሽ እመኛለሁ። እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን።

የምጽፍልሽ ናፍቆት አስጨንቆኝ አይደለም፤ ጉዳይ ስላለኝ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለውን የአባትሽን ቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዝም ብሎ ከሚያረጅ ብዬ አድሼ ሆቴል አድርጌዋለሁ። ስምንት አልጋ አለው። እናትሽ ጓሮ ባለችው ክፍል ናት፤ ደህና ናት።

ነገሩ የመጣው ከባዘዘው ነው። ባዘዘውን ታስታውሺዋለሽ፤ ትናንት የበግ ቆዳ ተሸክሞ ሲዞር የነበረው። ዛሬ ከፊት ለፊቴ አልጋም ያለው መጠጥ ቤት ከፍቶ፣ አንድ ተራ አምፖል ቀይ ቀለም ቀብቶ በሩ ላይ ሰቅሏል። ታዲያ ሾፌሩ ሁሉ እንደ ዝንብ እዚያ ይሰፍራል። ቀለም ለተቀባ አምፖል! እኔ የምፈልገው አዲስ አበባ ያየሁትን ዓይነት ነው፤ ፊደሉ አንድ በአንድ እየበራ ስም የሚጽፍ፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ዳር ዳሩን መብራት የሚሮጥበት። የሚጻፈው «እንዳላማው» ብቻ ይሁን። «ሆቴል» ማለት አያስፈልግም፤ ሰው ያውቀኛል።

ጌቶችሽ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሲሰለቻቸው አውጥተው ይጥሉታል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምነሽ ተቀበያቸውና በማንጠግቦሽ እጅ ላኪልኝ፤ እሷ እንደሆነች ልብስ ልትገዛ በየሁለት ወሩ እዚያ ትመላለሳለች። አገጣጠሙን ግን ጽፈሽ አትድከሚ። እኔ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ስልክም አትደውዪ፤ ደንበኛ ፊት ቆሜ ከሴት ልጅ ትእዛዝ ስቀበል መታየት አልወድም።

ወንድምሽ
እንዳላማው


ሻርጃ፣ ኅዳር 26 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እንዳላማው፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። ቤትህንም አምላክ ይባርክልህ፤ ያንተ የሆነውን ቤት ማለቴ ነው።

ጌቶችሽን ለምኚ ብለኸኛል። የምለምነው ጌታ የለኝም። የሰው ቤት ሥራ ከተውኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራው የመብራት ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። በሥሬ ሦስት ወንዶች አሉ፤ ከሴት ልጅ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ እስካሁን በዚህ ምክንያት የሞተ የለም። ይህን ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ ጽፌልህ ነበር።

ፊደሎቹን ራሴ ቆርጬ፣ ጥቃቅኖቹን መብራቶችም ራሴ ተክዬ ልኬልሃለሁ። አትድከሚ ብትለኝም አገጣጠሙን እጽፋለሁ። የወፍጮውን ሞተር ፈትተህ ስትገጥም አራት ብሎን ተርፎህ እንደነበር አባቴ እየሳቀ ይነግረን ነበር።

ጥቁሩ ሳጥን መቆጣጠሪያው ነው። አንድ ወፍራም ቀይ ሽቦ ከውስጡ ይወጣል፤ ይህ ለሁሉም የጋራ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ፊደል ቀይ ሽቦ ጋር ታስረዋለህ። የቀሩት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለማቸው ይለያያል፤ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ስድስቱ ለስድስቱ የስምህ ፊደላት ናቸው፤ ሰባተኛው ከስምህ በላይ ለጨመርኩልህ ኮከብ፣ ስምንተኛው ለዳር ዳሩ። ሳጥኑ ጠንቋይ አይደለም፤ እነዚህን ስምንት መንገዶች በተራ ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ አንደኛውን ከ«እ» ጋር ካላሰርከው ስምህን ከመሐል ጀምሮ ይጽፍልሃል። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫናት የአበራሩ ዓይነት ይለወጣል፤ የምትዞረዋ ደግሞ ለፍጥነቱ ናት። ፍጥነቱን አታብዛው፤ የሚያነብህ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ነው።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ብረት የኃይል መለወጫው ነው። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሳጥኑና ፊደሎቹ የሚችሉት ደግሞ 12 ብቻ ነው። የግድግዳው መብራት መጀመሪያ ወደ ብረቱ ይግባ፤ ከብረቱ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ፊደሎቹ ይሂድ። ብረቱን ዘለህ በቀጥታ ካገናኘኸው ሁሉም ይቃጠላል። ይህን ዓረፍተ ነገር እባክህ ሁለት ጊዜ አንብበው።

እናቴ ስልክ የላትም፤ ድምጿን የምሰማው ባንተ ስልክ ብቻ ነው። በደወልኩ ቁጥር «ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች» ትለኛለህ። ወይ ውኃው ርቋል፣ ወይ ሴትዮዋ ርቃለች። የቱ እንደሆነ ጻፍልኝ።

ያለምወርቅ


አማኑኤል፣ ጥር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለያለምወርቅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የላክሽው ቆሻሻ ተቃጥሏል።

በጥምቀት ማግስት የአገር ሽማግሌዎችን፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርና ቄሱን ጠርቼ፣ በግ አርጄ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ቆሞ እያየ ማብሪያውን ብጫነው ሳጥኑ ጠሽ አለ። ከዚያ ጭስ ብቻ! ፊደሎቹ ተከታትለው ጠቆሩ። ኮከቡ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ከስድስቱ ፊደል የተረፈችው «ማ» ብቻ ናት፤ እሷም ሽቦዋን ማሰር ረስቼ ስለነበር ነው። ባዘዘው ከበረንዳው ላይ ሆኖ «እንዳላማው፣ እንኳን አደረሰህ! ዕጣኑ ግን በዛ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ እንኳ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው ዞር አሉ።

ነጩን ብረት አልገጠምኩትም። ትርፍ ዕቃ ነበር የመሰለኝ፤ ክብደቱም ግድግዳዬን ይጎዳዋል። ያን ያህል የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ትልቅ አድርገሽ ትጽፊው ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱን በወፍጮ ብሎን ወሬ ሞላሽው። ጥፋቱ ያንቺ ስለሆነ ሌላ መላክ ግዴታሽ ነው። አሁን ግን ሴት የሠራችውን ሳይሆን ደህና ዕቃ ላኪ።

እናትሽ ደህና ናት።

እንዳላማው


ሻርጃ፣ መጋቢት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እንዳላማው፤

ከጭሱም ከእሳቱም ያተረፈህ አምላክ ይመስገን። በዓሉም እንዳማረ ተረድቻለሁ።

ደብዳቤህን ለሦስቱ ሠራተኞቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ነጩን ብረት ትርፍ መስሎኝ የሚለው ላይ ስደርስ አንደኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። «ይህ ሰው ምንሽ ነው?» አለኝ። አፍሬ «የሠፈር ሰው ነው» አልኩት።

ሁለት ጊዜ አንብበው ያልኩህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜም አላነበብከውም። ባታነብም ነውር አልነበረውም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ቤትህ ውስጥ አለ። ግን እሱን መጠየቅ ያሳፍርሃል፤ በሰው ፊት መጨስ አያሳፍርህም።

ሌላ ከመላኬ በፊት የቤቱን ፊት ለፊት፣ ሽቦው የሚወርድበትን ግድግዳና ቆጣሪውን ፎቶግራፍ አስነሥተህ ላክልኝ። በቃል የምትነግረኝን ይዤ ሽቦ አልቆርጥም። «ማ»ንም እንዳትጥላት።

ስለ ጭሱ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሃል። ስለ እናቴ ሦስት ቃል።

ያለምወርቅ


አማኑኤል፣ ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለያለምወርቅ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የፋሲካው፣ የእርሻው፣ የሆቴሉ ሥራ ተደራርቦብኝ መልሱ ዘገየ። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲህ ነው፤ አንቺ ላይገባሽ ይችላል።

ፎቶዎቹን ለማንጠግቦሽ ሰጥቻታለሁ። ነገሩ ቶሎ መሆን አለበት። የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር አለ፤ ሾፌሮቹ ሁልጊዜ የሚያድሩበትን አንድ ሆቴል እዚህ አማኑኤል ላይ ሊመርጥ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ሰው ይልካል። ወይ እኔን ይመርጣል ወይ ያንን ቆዳ ነጋዴ። እሱን ከመረጠ እኔ በሬን ዘግቼ ወደ ይጁቤ፣ ወደ አባቴ ማሳ ከመመለስ ሌላ መንገድ የለኝም። ባዘዘው ደግሞ ያንን ቀይ አምፖሉን አሁን ሁለት አድርጎታል።

ሙላት የሚባል ከደብረ ማርቆስ የመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። ብዙ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጉርሻ ላይ ግን ጎበዝ ነው። እሱ ይገጥመዋል። ስሜን እንደ በፊቱ አድርገሽ ጻፊው፤ ከተቻለ ፊደሎቹ ተለቅ ይበሉ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

እንዳላማው


ሻርጃ፣ ሰኔ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንዳላማው፤

«ጋሼ» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ አስቀርቼዋለሁ። ሰላምታውንም እንደዚያው።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ በስተግራ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ጎንበስ ብላ ድስት የምታጥብ ሴት አለች። አንተ አላየሃትም። ፎቶ አንሺውም አላያትም፤ ቢያያት ኖሮ ዞር በዪ ይላት ነበር። የለበሰችውን አረንጓዴ ሹራብ በመጀመሪያ ደመወዜ ገዝቼ የላክሁት እኔ ነኝ። እናቴ ናት።

ለካ አልዋሸኸኝም። በደወልኩ ቁጥር እውነትም ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ለስምንት አልጋ ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት።

ፎቶውን ለማንጠግቦሽ አሳየኋትና ጠየቅኋት። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ሴትዮዋ ልጄ ረሳችኝ ብላ ነው የምትኖረው» አለችኝ። «እንዳላማው ነግሯታል። ልጅሽ እዚያው አግብታ ስምሽን አታነሳም ብሏታል።» ማንጠግቦሽ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። «ባመላለስኩት ደብዳቤ ሁሉን የነገረሽ መስሎኝ» አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሆናትን ሴት በገዛ ቤቷ አልጋ አንጣፊ ለማድረግ የሞተር ዕውቀት አያስፈልግም፤ አንድ ውሸት ይበቃል። እሱን ሳይቃጠልብህ ገጥመኸዋል።

አሁን ስማኝ። ሁለተኛው ሳጥን ይመጣል። የሚመጣው ግን ለእናቴ ነው፤ በስሟ፣ በእጇ። አገጣጠሙን በየቀለሙ ሥዬላታለሁ። እናቴ መሠረተ ትምህርት ስትማር ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ደብዳቤ ማንበብ የጀመረች ናት፤ አንተ ይህን አታውቅም፣ ጠይቀሃት አታውቅምና። ሙላት መሰላል ላይ ይውጣ። የቱ ሽቦ የት እንደሚገባ የምትነግረው እሷ ናት። አንተ ማብሪያውን እንኳ እንዳትነካ።

ካርቶኑ ውስጥ ስልክም አለ። የሷ ነው።

ያለምወርቅ


አማኑኤል፣ ነሐሴ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ያለምወርቅ አማረ፤

አንቺ ዘመድን በዘመድ ላይ የምታነሣሺ ሰው እንደሆንሽ ባውቅ ኖሮ መጀመሪያም ባልጻፍኩልሽ። የሆነውን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው።

ማንጠግቦሽ ካርቶኑን ለኔ መስጠት ሲገባት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ለእናትሽ አስረከበቻት። እዚያው ስልኩን አውጥታ ደውላ አገናኘቻችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። እኔ የማውቀው እናትሽ እትዬ ወለተ ሚካኤል ወደ ቤት ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ እንደነበር፣ እኔን አልፋ እንደገባች፣ የዚያን ዕለት ድስቱ ሳይታጠብ እንዳደረ ነው።

ሥዕልሽን አልጋዋ ላይ ዘርግታ ሁለት ቀን አጠናችው። በሦስተኛው ቀን ወጥታ «ካቻቪቴና ናስትሮ አምጣልኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ድስት አይደለም» አልኳት።

«አልጠፋኝም» አለች። «ድስት ሳቃጥል ግን አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ሙላት ሳቀ። ጉርሻውን ከኔ እየተቀበለ በኔ ሳቀ።

ካርቶኑ ሲከፈት የወጣው «አ»፣ «ረ»፣ «ሆ»፣ «ቴ»፣ «ል» እና አዲስ ኮከብ ነው። ገልብጬ ብፈልግ ከስሜ አንዲት ፊደል የለችም። «የኔ ስም የታለ?» ብል «ያቺን የተረፈችውን ‹ማ› አምጣት» ብላ ተቀበለችኝ። የሞተ ሰው ስም ሆቴል ላይ እንዲወጣ መወሰንሽ ነው! አማክረሽኝ ቢሆን ምን ነበረበት?

ሙላት መሰላል ላይ ወጣ፤ እሷ ከሥር ወረቀቷን ይዛ ትናገራለች። «ቡናማው ከመጀመሪያዋ ጋር። ቀዩን ከሁሉም ጋር፣ እሱ የጋራ ነው።» ነጩን ብረት ዝናብ እንዳይነካው በረንዳው ውስጥ አስገጠመችው። ሲበራ «ረ» ጨለማ ሆና ቀረች። ሙላት «ሳጥኑ ተበላሽቷል፣ መመለስ ነው» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም። እሷ ወረቀቷን ገልብጣ አነበበችና «የ‹ረ›ንና የ‹ሆ›ን ሽቦ አቀያይራቸው» አለችው። ቢቀያየሩም «ረ» አልበራችም፤ «ሆ» በ«ረ» ቁጥር በራች። «እንግዲያ ሳጥኑ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ፊደሏ ላይ ነው። ቀዩንና ቀጭኑን አዟዙረህ አስረኸዋል፣ ደግመህ እየው» አለች። እውነትም አዟዙሮት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙላት «እማማ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ሲያልፍ ይጎነበሳል። ያ ምን የሚያውቅ ሰው ነው።

የማኅበሩ ሰው ነሐሴ 18 ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ። ካፊያ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ወደ ባዘዘው ነው። ቢራ ሳይቀዳለት እናትሽ ቁልፏን ተጫነች። «አ» በራች፣ «ማ»፣ «ረ»፤ ከዚያ ሆቴሉ፣ ከዚያ ኮከቡ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን መብራቱ ዞረ። እርጥቡ አስፋልት ላይ ሁሉ ይታይ ነበር። ሰውዬው ባዘዘውን ትቶ ተሻገረ። አልጋዎቹን አየ፤ ንጹሕ ናቸው አለ። ከዚያ ውል የሚያስፈርምበትን ወረቀት አውጥቶ፣ ብዕሩን እጄ ላይ አድርጎ «አቶ አማረ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አይ፣ እኔ ባለቤቱ ነኝ» አልኩ።

እናትሽ ከበሩ ላይ ሆነው «አማረ ባለቤቴ ነበር» አሉ። «ቤቱ የኔ ነው። ካርታው በስሜ ነው፤ ልታየው ከፈለግህ ሣጥኔ ውስጥ አለ።» ሄደው አመጡት። ካርታ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ሰውዬው አንብቦ ብዕሩን ከኔ እጅ ወስዶ ለሳቸው ሰጣቸው። ፈረሙ። በአውራ ጣት አይደለም፤ በጽሕፈት ፈረሙ።

ስለ ያለፈው ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሴት ቀጥረው ድስቱንም አልጋውንም ለነሱ ሰጡ። እኔን ዕቃ ገዢ አድርገውኛል፤ እስከ ገና ሥራህን አይቼ እወስናለሁ አሉ። እኔ እንዳላማው፣ ሽንኩርት ስገዛ ደረሰኝ አምጣ እባላለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ አይደለም። ከትናንቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ኮከቡ አይበራም። እሳቸው ገና አላዩትም። ቀድሜ ብጠግነው ስለኔ ያላቸው አስተያየት ይለወጥ ይሆናል። እሳቸውን ግን ሄጄ መጠየቅ አልፈልግም፤ ለኔ ብቻ፣ በምስጢር፣ አሠራሩን ጻፊልኝ። እባክሽ።

እንዳላማው


ሻርጃ፣ መስከረም 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንዳላማው፤

አዲሱ ዓመት ለሁላችንም የደህና ይሁን።

እናቴ በየሰንበቱ ትደውልልኛለች። ስለ አልጋው፣ ስለ ሾፌሮቹ ጫማ ጭቃ፣ ሰኞ ስለሚመጣው ስኳር ታወራኛለች። አንዳንዴ መብራቱ ሲለኰስ ስልኩን ወደ ውጭ ታወጣውና «አሁን ‹ረ› ላይ ደረሰ» ትለኛለች። ያንተን ስም አንድም ቀን አላነሣችውም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ኮከቡ ለምን እንደማይበራ «ከከባድ ዝናብ በኋላ» ብለህ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ግን የጻፍከውን መልሰህ አላነበብከውም። በምስጢር የምነግርህ ነገር የለኝም። አገጣጠሙን የምታውቀው ሰው ካንተ ሃያ እርምጃ ርቃ ነው ያለችው። ሂድና በሩን አንኳኳ። ለምን እንደመጣህ በአጭሩ ንገራት፤ ነገር አታብዛ፤ በሙላትም አታሳብብ። ግባ ካለችህ ግባ። ካቻቪቴውን ያዝልኝ ካለችህ፣ ይዘህ ቁም።

ያለምወርቅ አማረ